ሰልፍ የማይጠፋበት የሰፈር ሱሺ ቤት፦ አማርሮ ላለመውጣት

ዓርብ ማታ ሰልፉ እስከ ደጅ የሚደርስበት የሰፈር ሱሺ ቤት ስሙ ሲነሣ ሁለት ዓይነት ሰው አይጠፋም። አንዱ «እንዲህ ያለ ዓሣ በልቼ አላውቅም» ይላል። ሌላው «ሃምሳ ዶላሬን በቀዝቃዛ ሩዝ ላይ ደፋሁ» ይላል። ብዙ ጊዜ ሁለቱም አልዋሹም። ጠዋት የተሠራ ወጥ ቀድሞ የመጣውንም ዘግይቶ የመጣውንም እኩል ያስተናግዳል፤ እንዲያውም ሲያድር ይጣፍጣል። ሱሺ ግን ከሩዝና ብዙ ጊዜ ከጥሬ ዓሣ፣ በጉርሻ ልክ አንድ በአንድ በእጅ የሚሠራ የጃፓን ምግብ ነው። የተጠቀለለበት የባሕር አረም፣ ማለትም ኖሪው፣ በደቂቃዎች ውስጥ እርጥበት ስቦ እንደ ላስቲክ ይሆናል፤ ሩዙም ከሰውነት ሙቀት ሲወርድ መድረቅ ይጀምራል። ስለዚህ በአንድ ቤት፣ በአንድ ምሽት፣ ከአንድ ሜኑ ያዘዙ ሁለት ሰዎች የተለያየ ምግብ ሊበሉ ይችላሉ። ልዩነቱን የሚያመጡት የመጡበት ሰዓት፣ የተቀመጡበት ቦታና ያዘዙት ነገር ናቸው፤ ሦስቱም በአብዛኛው በተመጋቢው እጅ ናቸው።

ከመሄድዎ በፊት

ደንበኞች በኢንተርኔት ለቤቱ የሰጡትን ኮከብ አይቁጠሩ። አምስት ኮከብ የሰጠው ሰው ልደቱን እያከበረ ሊሆን ይችላል፤ አንድ ኮከብ የሰጠውም መኪና ማቆሚያ አጥቶ ተናዶ የገባ ሊሆን ይችላል። ቁም ነገሩ ያለው ሦስት ኮከብ የሰጡት ዘንድ ነው፤ የወደዱትንና የጠሉትን ለይተው ይጽፋሉ። የቅርብ ወራቱን ብቻ ያንብቡ። ዋናው ሱሺ ሠሪ ከለቀቀ ቤቱ ስሙን እንደያዘ ሌላ ቤት ይሆናል፤ የዛሬ ሁለት ዓመት የተጻፈ ሙገሳ ዛሬ አይበላም።

«ዋጋው ተወደደ»፣ «ሙዚቃው ጮኸ»፣ «ጠረጴዛው ጠባብ ነው» የሚለውን እንደ ጠባይዎ ይመዝኑት። «ዘገየ» የሚለው ቅሬታ ዓርብና ቅዳሜ ላይ ከተከመረ የሰው ኃይል እጥረት ነው፤ በሌላ ቀን በመሄድ ይታለፋል። «ሩዙ ጠጠር ሆነብኝ» የሚለው ከተደጋገመ ግን የሥራ ጉድለት ስለሆነ ቀን ቢቀይሩም አይቀየርም። «ዓሣው ሸተተኝ» የሚል በሁለት ወር ውስጥ ሦስት ጊዜ ካዩ ሌላ ቤት ይፈልጉ።

ፎቶ ሲያዩ ደንበኞች ያነሷቸውን ይምረጡ፤ ቤቱ ራሱ የለጠፈው ለምስክርነት አይበቃም። ኒጊሪውን (በሩዝ ጉርሻ ላይ ዓሣ የተደረበበትን) አተኩረው ይዩት። ዓሣው ከሩዙ ጠርዝ ተርፎ መውረድ አለበት። ሩዙ ከዓሣው በእጥፍ ከገዘፈ የሚከፍሉት ለሩዝ ነው። የዓሣው ጫፍ ደርቆ ወደ ላይ ከተጠቀለለ ደግሞ አስቀድሞ ተቆርጦ የተቀመጠ ነው። በሶስ የተጥለቀለቁ ሮሎች (በኖሪና በሩዝ ተጠቅልለው የተቆረጡ) ፎቶ ብቻ የሞላበት ቤት መጥፎ ነው ማለት አይደለም፤ ነገር ግን ዓሣውን የሚያሳይ ሰው አለመኖሩን ልብ ይበሉ።

ስለ ቀኑ «ሰኞ ሱሺ አይበላም» የሚል የቆየ ምክር አለ። መነሻ አለው፤ የቶኪዮው የቶዮሱ ገበያ እሑድ ይዘጋል፣ ብዙ የአሜሪካ ዓሣ አከፋፋዮችም እሑድ አያደርሱም። የሰፈር ሱሺ ቤት ግን አብዛኛው ዓሣው የእርባታ ሳልሞንና በረዶ ሆኖ የመጣ ቱና ስለሆነ ምክሩ ለእሱ ብዙም አይሠራም። ይልቅ ከማክሰኞ እስከ ሐሙስ፣ ማታ በሩ በተከፈተ በመጀመሪያው ሰዓት ውስጥ ይግቡ። ያኔ ሩዙ ገና መቀላቀሉ ነው፣ ሠሪዎቹ አልደከሙም፣ የዴሊቨሪ ትእዛዝም ገና አልተደራረበም።

የት ይቀመጡ

ለሁለት ከሆናችሁ ጠረጴዛ ከመጠበቅ ሱሺ ሠሪው ፊት ያለውን ባንኮኒ ይጠይቁ። ብዙ ጊዜ ቶሎ ይገኛል፤ ምግቡም ከእጅ ወደ ሳሕን፣ ከሳሕን ወደ አፍ በሴኮንዶች ይደርሳል። ጠረጴዛ ላይ ከሆኑ አሥር ኒጊሪ ያለበት ትሪ የመጨረሻው ተሠርቶ፣ አስተናጋጁ እጁ ነፃ እስኪሆን የመጀመሪያው ከአሥር ደቂቃ በላይ ሊጠብቅ ይችላል።

ብዙ ሰው የሚናደድበት፣ ምክንያቱ ግን እምብዛም የማይታወቅ ነገር አለ። ሱሺ ቤት ሁለት ወጥ ቤት ነው። የጓዳው ምድጃ ሾርባ፣ ቴምፑራ (በሊጥ ተነክሮ በዘይት የተጠበሰ) እና ቴሪያኪ (በጣፋጭ ሶስ የተጠበሰ) ይሠራል፤ የፊቱ ባንኮኒ ጥሬውን ይሠራል። ሁለቱ ትእዛዝ የሚቀበሉት በየራሳቸው ወረቀት ነው፤ አንዱ ሌላውን አይጠብቅም። ስለዚህ የአንዱ ሰው ቴሪያኪ እየጨሰ ሲመጣ የጓደኛው ሮል ገና ሃያ ደቂቃ ሊቀረው ይችላል። አብራችሁ መብላት ከፈለጋችሁ ወይ ሁላችሁም ከባንኮኒው እዘዙ፣ ወይ አስተናጋጁን «ትኩሱን ከሱሺው ጋር አምጡልን» በሉት፤ ካልተነገረው አያደርገውም።

ሲገቡ ባንኮኒው ላይ ዓይንዎን ይጣሉ። ሁለት ሠሪ ብቻ ቆሞ ከጎናቸው አሥር የዴሊቨሪ ከረጢት ከተደረደረ፣ አዳራሹ ግማሽ ባዶ ቢሆንም ይዘገያል። ለማይታዩት ደንበኞችም እየተሠራ ነው።

ሩዙ

ሱሺ ማለት በኮምጣጤ የተቃኘ ሩዝ ነው፤ ሩዝ የሌለበት የጥሬ ዓሣ ቁራጭ ስሙ ሳሺሚ ነው። ብዙ ተመጋቢ ዓሣውን ብቻ ይመዝናል፣ ቅር ያሰኘው ግን ሩዙ ይሆናል። «አንድ ነገር ይጎድለዋል» ብሎ የሚወጣ ሰው ብዙ ጊዜ የጎደለው ጥሩ ሩዝ ነው።

አሠራሩን ማወቅ ለመፍረድ ይረዳል። አጭርና ወፍራም ፍሬ ያለው የጃፓን ዓይነት ሩዝ ውሃው እስኪጠራ ይታጠባል። 300 ግራም ሩዝ በመጠን እኩል፣ ወይም በትንሹ ከፍ ባለ ውሃ ይበስላል። ከእሳት ወርዶ አሥር ደቂቃ ይታፈንና ገና ትኩስ እያለ 4 የሾርባ ማንኪያ የሩዝ ኮምጣጤ፣ 2 የሾርባ ማንኪያ ስኳርና 1 የሻይ ማንኪያ ጨው ተሟሙቶ ይፈስበታል። ይህ አንድ የተለመደ ልክ ነው፤ የጃፓን ባህላዊ ቤቶች ስኳሩን ይቀንሳሉ፣ የአሜሪካ ሰፈር ቤቶች ያበዛሉ። ማንኪያው እንደ መቁረጥ አድርጎ ይገላብጠዋል እንጂ አያማስለውም፤ ማማሰል ፍሬውን ሰብሮ ገንፎ ያደርገዋል። ከዚያ እየተራገበ ወደ ሰውነት ሙቀት ይወርድና በእርጥብ ጨርቅ ይሸፈናል።

አፍዎ ውስጥ ሲገባ ሩዙ ለብ ያለ መሆን አለበት። ፍሬው ለየብቻው ይታወቃል፣ ግን ተያይዟል፤ ሲያነሡት አይፈርስም፣ ሲያኝኩት ይበተናል። ኮምጣጤው ከጉሮሮ ጋር ሳይጣላ ይሰማል። ከዚህ ውጪ ያለው ሁሉ ምክንያት አለው። ቀዝቅዞ መሐሉ ጠጠር ካለ ማቀዝቀዣ ውስጥ ቆይቷል፤ የሩዝ ስታርች በፍሪጅ ሙቀት ላይ በፍጥነት ይጠጥራል፣ አዲስ ኮምጣጤ ቢፈስበትም አይመለስም። ዱቄታም ሆኖ ጥርስ ላይ ከተለጠፈ አልታጠበም ወይም ተማስሏል። እንደ ድንጋይ ጭምቅ ካለ የጨመቀው ልምድ የሌለው እጅ ወይም ማሽን ነው።

ኮምጣጤው ለጣዕም ብቻ አይደለም። የበሰለ ሩዝ ለብ ብሎ ሲቀመጥ ባሲለስ ሴሬየስ የተባለ ተሕዋስ ይራባበታል፤ አሲዱ ግን ያግደዋል። በአሜሪካ የጤና ተቆጣጣሪዎች የሱሺ ሩዝን አሲድነት በፒኤች ይለካሉ፤ ብዙ ቦታ 4.6 ወይም ከዚያ በታች፣ አንዳንዱ ዘንድ እስከ 4.2 እንዲወርድ ይጠይቃሉ። ስለዚህ ሩዙ ከፍሪጅ ውጭ መቀመጡ አያስደንግጥዎ።

ዓሣው

አስተናጋጁን «ትኩስ ነው ወይ?» ብሎ መጠየቅ ዋጋ የለውም። «የለም፣ የቆየ ነው» የሚል አስተናጋጅ አልተወለደም። ደግሞም በሱሺ ዓለም «በረዶ ያላየ» ማለት የተሻለ ማለት አይደለም። የአሜሪካው የምግብና መድኃኒት አስተዳደር መመሪያ፣ በጥሬው የሚቀርብ ዓሣ ጥገኛ ትሎቹ እንዲሞቱ በ-20 ዲግሪ ሴልሺየስ ለ7 ቀን፣ ወይም በ-35 ዲግሪ በረዶ ከሆነ በኋላ እዚያው ለ15 ሰዓት እንዲቆይ ያዛል። ከዚህ ነፃ የሆኑት በዋናነት ቱናዎችና ከትል ነፃ በሆነ መኖ ያደጉ የእርባታ ዓሦች ናቸው። ጥሬ ሥጋ የለመደ ሰው ኮሶን ያውቃል፤ የዱር ሳልሞንም የራሱ ኮሶ አለው፣ መድኃኒቱ ይህ ቅዝቃዜ ነው። የቤት ፍሪዘር -18 አካባቢ ሆኖ በየሰዓቱ ስለሚከፈት ለዚህ ሥራ አይታመንም። ከሱፐርማርኬት የገዙትን ሳልሞን «በረዶ አደረግሁት» ብለው ጥሬውን አይብሉ።

ሐዋሳ አሞራ ገደል ጥሬ ቆሮሶ በዳጣ ለለመደ ሰው ይህ ሁሉ ጥንቃቄ የተጋነነ ሊመስለው ይችላል። ነገር ግን ሱሺ ቤት ጨዋማ ያልሆነ ውሃ ዓሣን ቅዝቃዜ ሳያሳይ ጥሬውን አያቀርብም፤ የሐይቅና የወንዝ ዓሣ ከባሕር ዓሣ ይበልጥ በሰው ሆድ ውስጥ መኖር የሚችሉ ትሎችን ይሸከማል። ሳልሞን ራሱ ጃፓን ውስጥ በጥሬው መበላት የተለመደው ኖርዌዮች ከ1980ዎቹ አጋማሽ ጀምረው የእርባታ ሳልሞናቸውን ካስተዋወቁ በኋላ ነው። ከዚያ በፊት የጃፓን ሰው ትሉን ፈርቶ አብስሎ ነበር የሚበላው።

ሜኑ ላይ «ሱሺ ግሬድ» የሚለውን አይቁጠሩት፤ በአሜሪካ ሕግ ትርጉም የለውም፣ ሻጩ የሚለጥፈው ማስታወቂያ ነው። «ነጭ ቱና» የሚለውን ግን በጥርጣሬ ይዩት። ኦሺያና የተባለው የባሕር ጥበቃ ድርጅት እ.ኤ.አ. በ2013 ይፋ ባደረገው የዘረመል ምርመራ፣ ናሙና ከተወሰደባቸው ሱሺ ቤቶች 74 በመቶው ቢያንስ አንድ ዓሣ በተሳሳተ ስም ሲሸጡ ተገኝተዋል። ነጭ ቱና ተብለው ከተሸጡት ናሙናዎች ደግሞ 84 በመቶው ኤስኮላር የተባለ ሌላ ዓሣ ነበሩ። ኤስኮላር ሲበሉት እንደ ቅቤ ነው፤ ስቡ ግን የሰው አንጀት የማይፈጨው ሰም ስለሆነ ከሁለት ቁራጭ በላይ የበላ ሰው ማታውን መጸዳጃ ቤት ሊያሳልፍ ይችላል። ጃፓን ሽያጩን የከለከለችው በ1977 ነው። «ነጭ ቱና የምትሉት አልባኮር (እውነተኛው ቱና) ነው ወይስ ኤስኮላር?» ብለው ሱሺ ሠሪውን ይጠይቁ፤ የሚያውቅ ሠሪ ሳይቆጣ ይመልሳል።

ቀይ ቱናም ማታለያ አለው። ተፈጥሯዊው ቀለም ጥቁር ቀይ ነው፣ ሲቆይ ወደ ቡናማ ይሄዳል። እንደ ሐብሐብ የሚያበራ ሮዝ ከሆነ በካርቦን ሞኖክሳይድ ታክሞ ሊሆን ይችላል። አሜሪካ ይፈቅዳል፣ የአውሮፓ ኅብረትና ጃፓን ይከለክላሉ። ጋዙ በራሱ አይጎዳም፤ ችግሩ ዓሣው ቢያረጅም ቀለሙ አለማርጀቱ ነው። እንዲህ ያለውን በአፍንጫ ይፍረዱት። ጥሩ ዓሣ የባሕር ሽታ ቢጤ አለው ወይም ምንም አይሸትም፤ የአሞኒያ፣ የሽንት ዓይነት ሽታ ካለ አይቅመሱት።

ምን ያዝዙ

ለሁለት ሰው ልኩ ከ24 እስከ 30 ቁራጭ ነው። የሚያበላሸው ሁሉንም በአንዴ ማዘዝ ነው። በሁለት ዙር ይዘዙ።

1. የመጀመሪያው ዙር ፈተና ነው። ሁለት ሳልሞን ኒጊሪ፣ ሁለት የዕለቱ ነጭ ዓሣ ኒጊሪ፣ አንድ ቀጭን የቱና ሮል (ስድስት ቁራጭ) እና ሁለት ታማጎ፣ ማለትም የእንቁላሉ ኒጊሪ። ሶስ ስለሌለባቸው የሚደበቅ ነገር የለም። ታማጎው ንጣፍ ንጣፉ ከታየና ዳር ዳሩ ትንሽ ካልተስተካከለ እዚያው ተሠርቷል፤ እንደ ሳሙና እኩል የተቆረጠ፣ የሚያብለጨልጭ ቢጫ ከሆነ ከፋብሪካ የመጣ በረዶ ነው። በፋብሪካ እንቁላል ብቻ ቤቱን አይፍረዱበት፣ ግን ስንት ነገር እዚያው እንደሚሠራ ይነግርዎታል።

2. ፈተናውን ካለፈ ባንኮኒውን «ዛሬ ምን ይመርጡልኛል?» ይበሉ። ይህ ጥያቄ ከ«ትኩስ ነው ወይ?» ይለያል፤ ሠሪው በየትኛው እንደሚኮራ ይናገራል። ሁለተኛውን ዙር ከቀላል ወደ ከባድ ያስኬዱት፤ ነጭ ዓሣ፣ ሳልሞንና ቱና፣ ማከሬል፣ መጨረሻ ላይ በጣፋጭ ሶስ የተጠበሰው ኡናጊ (እባብ መሰል ዓሣ)። ኡናጊ ቀድሞ ከገባ ቀጥሎ የሚመጣው ነጭ ዓሣ ውሃ ውሃ ይላል።

3. ፈተናውን ከወደቀ አይነሡ፣ ማዘዙን ይቀይሩ። ሩዙ መጥፎ ከሆነ ሳሺሚ። ዓሣውን ካላመኑት የበሰለውን፦ ሽሪምፕ ቴምፑራ ሮል፣ ኡናጊ፣ ኡዶን (ወፍራም የስንዴ ፓስታ)። ብዙ የሰፈር ቤት ጥሬው ላይ ደካማ ሆኖ ጓዳው ጎበዝ ነው።

ትልልቆቹ የሚያማምሩ ስሞች ያሏቸው ሮሎች ሰልፉን ያመጡ ናቸው፤ አይናቁም። ግን ምን እንደሚገዙ ይወቁ። ውስጣቸው ያለው «ክራብ» አብዛኛውን ጊዜ ከአላስካ ፖሎክ ዓሣ፣ ከስንዴ ወይም ሌላ ስታርች፣ ከስኳርና ከእንቁላል ነጭ የተሠራ ማስመሰያ ነው። «ስፓይሲ ቱና» ደግሞ ብዙ ጊዜ የተከተፈ ትርፍራፊ በማዮኔዝና በሚጥሚጣ መሳይ ሶስ የተለወሰ ነው። ክትፎ የሚያውቅ ሰው የተከተፈ ሥጋ ከሙሉው ይልቅ ለምን ቶሎ እንደሚበላሽ አይጠፋውም፤ ቢላ የነካው ገጽ ስለሚበዛ ነው። እ.ኤ.አ. በ2012 በአሜሪካ ከ400 በላይ ሰዎችን በሳልሞኔላ ያሳመመው ከአጥንት ላይ ተፍቆ በረዶ ሆኖ የመጣ የቱና ሥጋ ነበር። ስፓይሲ ቱና የሚወዱ ከሆነ ብዙ ደንበኛ ባለበት ቤትና ሰዓት ይብሉት።

«የቻሉትን ያህል» የሚባለው ቋሚ ዋጋ ብዙ ጊዜ የሰዓት ገደብና ለተረፈ ቁራጭ ቅጣት አለው። ሩዙን አውልቆ ዓሣውን ብቻ መብላትም እንደ ትርፍ ይቆጠራል። ኦማካሴ፣ ማለትም ምርጫውን ለሠሪው መተው፣ ከማለትዎ በፊት ዋጋውን ይጠይቁ፤ አያሳፍርም።

አበላል

በእጅ መብላት ይፈቀዳል፣ እንጀራ ላደገበት እጅ እንዲያውም ይቀላል። ኒጊሪውን በጎኑ ገልብጠው ዓሣው በኩል ብቻ ሶያ ሶስ ያስነኩት። በሩዙ በኩል ከነከሩት ሩዙ ሶሱን ጠጥቶ ይፈርሳል፣ የሚቀምሱትም ጨው ብቻ ይሆናል። ብዙ «ጨው በዛበት» የሚሉ ቅሬታዎች መነሻቸው ይቺ ናት። በአንድ ጉርሻ ይዋጥ፤ ለዚያ ተብሎ ነው የተለካው። ኡናጊና ሶስ የተቀባ ነገር ሶያ አይነካም።

አረንጓዴው ዋሳቢ አብዛኛው ቦታ ዋሳቢ አይደለም፤ ፈረስ ራዲሽ የሚባል ሥር፣ ሰናፍጭና ቀለም ነው። አፍንጫን የሚወጋው ኃይል ከሰናፍጫችን ጋር አንድ ዓይነት ውሕድ ስለሆነ የለመደ ሰው አይደነግጥም። ለማያውቅ እንግዳ ግን አቮካዶ መስሎት በማንኪያ እንዳይጎርሰው ያስጠንቅቁ። እውነተኛው ከሥሩ ላይ ተፍቆ ይመጣል፣ በሩብ ሰዓት ኃይሉን ያጣል፣ ተጨማሪ ይከፈልበታል። ኒጊሪ ውስጥ ሠሪው አስቀድሞ ትንሽ ያደርጋል፤ የማይፈልጉ ከሆነ ሲያዝዙ ይናገሩ። ዝንጅብሉ በሁለት ዓሣ መካከል አፍ ማጠቢያ ነው፣ ከሱሺው ላይ አይደረብም።

ጾም፣ ሐላል፣ ኮሸርና እርግዝና

የጾም ነገር ሱሺ ቤት ውስጥ ወጥመዱ ብዙ ነው፤ «አትክልት» የተባለው ሁሉ የጾም አይደለም። ሚሶ (የተብላላ አኩሪ አተር) ሾርባው ከደረቀ ዓሣ በሚወጣ መረቅ ነው የሚሠራው። ቴምፑራው ሊጥ ውስጥ እንቁላል ሊኖር ይችላል፣ ማዮኔዝ እንቁላል ነው፣ ጣፋጩ የቶፉ (የአኩሪ አተር አይብ) ከረጢት፣ ማለትም ኢናሪ፣ በዓሣ መረቅ ሊበስል ይችላል። የማያሳስበው የኪያር ሮል፣ የአቮካዶ ሮል፣ በጨው የተዘፈዘፈው ቢጫ ራዲሽ ሮል፣ ኤዳማሜ (እሸት አኩሪ አተር) እና ከባሕር አረም የሚሠራው ሰላጣ ነው፤ በሰላጣው ላይ ግን የዓሣ ብናኝ እንዳይነሰንሱበት ይናገሩ። አስተናጋጁን «ቪጋን ነኝ» ቢሉት «ጾም ላይ ነኝ» ከማለት ይልቅ ቶሎ ይገባዋል። በጾም ዓሣ የሚበሉም ቢሆኑ፣ ክንፍና ቅርፊት የሌለውን ለማይበሉ ሽሪምፕ፣ ኦክቶፐስና ስኩዊድ እንዳይገባ አስቀድመው ያስለዩ።

ሐላል ለሚጠብቁ ጉዳዩ ዓሣው ሳይሆን ሶሱ ነው። ሚሪን የተባለው ጣፋጭ ቅመም 14 በመቶ ገደማ አልኮል አለው፤ በኡናጊና በቴሪያኪ ሶስ ውስጥ ይገባል፣ በአንዳንድ ቤት በሩዙ ኮምጣጤም ውስጥ። በእስራኤል የኮሸር (የአይሁድ የምግብ ሕግ) ፈቃድ ያላቸው ሱሺ ቤቶች ሽሪምፕ፣ ክራብና ኡናጊ አያቀርቡም፤ ፈቃዱ ግድግዳ ላይ ተሰቅሎ ማየት ይቻላል። እርጉዝ ሴት ጥሬውን በሙሉ ትተው፤ ቢግ ዓይ የተባለውን ቱና ደግሞ በሜርኩሪው ምክንያት በስሎም ቢሆን አትብላ።

ሲበላሽ

ቅሬታ ካለዎት ከመጀመሪያው ቁራጭ በኋላ ይናገሩ፣ ሳሕኑ ባዶ ከሆነ በኋላ አይደለም። «አልጣመኝም» ሳይሆን የተበላሸውን ለይተው ይንገሩ፤ «ሩዙ ቀዝቅዟል»፣ «ቱናው ይሸታል»፣ «ያዘዝኩት ሳልሞን ነበር»። እንዲህ የተነገረው ብዙ ጊዜ ያለ ክርክር ይቀየራል ወይም ከሂሳቡ ይቀነሳል። ይሉኝታ ይዞዎት ዝም ብለው በልተው፣ ቤት ገብተው አንድ ኮከብ መስጠት ግን ለእርስዎም ለሠሪውም አይጠቅምም።

ሕመም ከመጣ ምልክቱን ይለዩ። ቱና ወይም ማከሬል በልተው በደቂቃዎች እስከ ሁለት ሰዓት ባለው ጊዜ ፊትዎ ከቀላ፣ ራስዎን ካመመዎት፣ አፍዎን በርበሬ በርበሬ ካለዎት በዓሣው ውስጥ የተጠራቀመ ሂስታሚን ነው። ይህ የሚመጣው ዓሣው ከተጠመደ በኋላ በሙቀት ሲቆይ ነው፣ ማብሰልም አያጠፋውም። አለርጂ መስሎዎት ዓሣን ለሁልጊዜ እንዳይተዉ። መተንፈስ ካስቸገረዎት ግን ሳይመራመሩ አምቡላንስ ይጥሩ። በሰዓታት ውስጥ ጨጓራን የሚቀድ ኃይለኛ ሕመም ከያዘዎት አኒሳኪስ የተባለው ትል ሊሆን ስለሚችል፣ ሐኪም ዘንድ ሲሄዱ መጀመሪያ የሚናገሩት «ጥሬ ዓሣ በልቻለሁ» የሚለውን ይሁን፤ ካልነገሩት የጨጓራ መድኃኒት ሰጥቶ ይሸኝዎታል።

ሂሳብና የሚወሰድ

ሂሳቡ ሲመጣ ከቲፕ በፊት መስመሮቹን ያንብቡ። ስድስትና ከዚያ በላይ ለሆኑ ብዙ ቤት ከ18 እስከ 20 በመቶ ራሱ ይደምራል። በዋሽንግተን ዲሲ ደግሞ መራጩ ሕዝብ በ2022 የቲፕ ሠራተኞችን መነሻ ደመወዝ ከፍ የሚያደርገውን ውሳኔ ካሳለፈ ወዲህ ብዙ ምግብ ቤቶች «የአገልግሎት ክፍያ» የሚል መስመር ይጨምራሉ። ይህ ክፍያ ለአስተናጋጁ ይደርሳል ወይስ አይደርስም ብሎ መጠየቅ ነውር አይደለም፤ ሁለቴ ከመክፈል ይሻላል።

ወደ ቤት የሚወስዱ ከሆነ ኒጊሪና የእጅ ሮል (በኖሪ እንደ ቀንድ የተጠቀለለውን) ይተዉ፣ ተጠቅልለው የተቆረጡትን ይምረጡ። ቴምፑራ ያለበት ሮል በክዳን ታፍኖ ይረጥባል፤ ሶሱን ለብቻ ያስደርጉ። መኪና ውስጥ ከማሞቂያው ፊት አያስቀምጡ። በግማሽ ሰዓት ውስጥ ከተበላ መልካም፤ ጥሬው ለነገ አይተርፍም። የበሰለው ሮል ፍሪጅ ገብቶ ቢያድር በማግሥቱ ሩዙ ጠጠር ነው፤ ቆራርጠው በትንሽ ዘይት መጥበሻ ላይ ቢያገላብጡት ኖሪው ይጠበሳል፣ ሩዙም ይለሰልሳል።